ሲይዙት የሚለቅ

የላም ሆድ አውቃለሁ።
እስከ ትከሻዬ ክንዴን አስገብቼ፣
የተጣመመ ጥጃ አዙሬ አውጥቼ፣
በፋኖስ ጭላንጭል እጄን ታጥቤያለሁ።
የሞተር ሆድ ግን ይኸ የመጀመሪያዬ፤
ሽምብጥ፣ ከማንጎው ሥር፣ ከተከራየሁት ግቢ፣
ጆንያ አንጥፌ፣ ሰባት ብሎን ፈትቼ
ክዳኑን ሳነሳው
አፍንጫዬን መታው የተቃጠለ ሸራ።

ይርሳው፣ አባይ ማዶ ጋራዥ ያለው ይርሳው፣
የጠራው ዋጋ ነው እልህ ያስገባኝ።
"ሴት ልጅ ፍሪሲዮን ትፈታለች?" አለኝ፣
"መፍታቱንስ ፍቺው፤ መግጠሙ ነው ሥራው።"

ሸራና ላሜራው ተደራርቦ ወጣ፤
ሽንፍላን አሰብኩኝ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ፣
ቢያጥቡት ቢያጥቡት ከቶ የማይነጣ።
አዲሱን ሳስገባ ምንም አልቸኮልኩም፦
ሌሊቱን ሙሉ ዘይት ጠጥቶ ያደረ ሸራ፣
በላዩ ላሜራ፣ በላዩ ደግሞ ሸራ፣
አራቱን ሞላዎች በየጎጇቸው፣
ብሎኑን በመስቀል፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንደ ቁስል ስፌት።
እሰይ እጄ! አልኩኝ።

ረገጥኩት፤ ተነሳ።
እጀታውን ጨብጬ አንደኛ ማርሽ ባስገባ
እንደ ተነደፈ ወይፈን ዘሎ አጥር ገባ።
የእትዬ አንጓች ልብስ ከነገመዱ ወረደ፣
ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ፣ እንደ ታረደ።

እንግዲህ ምርመራ። ይህችን እችላለሁ፤
በሽተኛ ከብትም አሞኛል አይልም።
ካቦው ላልቶ ይሆን? ዳዶውን አጠበቅኩ፣
መልሼ አላላሁ፣ ደግሜ አጠበቅኩ።
እጀታው ይመጣል፤ ግን ክብደት የለውም፣
ማንም የማይኖርበትን ቤት በር እንደማንኳኳት።

የፍሪሲዮን ነገር ግራ ነው ሲያስቡት፦
ሲይዙት ይለቃል፣ ይይዛል ሲለቁት።
የእኔው ግን ይዤውም ለቅቄውም ያው ነው፤
ጣናን እንደያዘው እምቦጭ
አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፣
መያዝ።

ኩራቴን ውጬ ለይርሳው ደወልኩ።
ሳቁን እስኪጨርስ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ።
"ከዘንጎቹ መሃል የምትተኛዋን ፍሬ መልሰሻታል?"
"የቷን ፍሬ?"
ዝም አለ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል።
"ሽንብራ የምታህል፣ የብረት። ያለ እሷ ግፊቱ
ከዘንግ ወደ ዘንግ አይሻገርም፤
ዓባይን ያለ ድልድይ በይው።"

ሽንብራ! ዞር ብል የእትዬ አንጓች ዶሮ
ጆንያዬን ትጭራለች።
ሮጬ ያዝኳት።
አንገቷ ሥር ያለውን ከረጢት በጣቴ ብዳብስ
በቆሎ ነው፣ በቆሎ ብቻ።
"እሰይ!" አሉኝ እትዬ አንጓች ልብሳቸውን እያራገፉ፣
"የኔስ ዶሮ በነጻ ታከመች። ሞተርሽን ማን ያክመው?"

የቀረው የተቆረጠው ጀሪካን ነው፣
አሮጌውን ዘይት ያጠራቀምኩበት፣
እንደ ጨለማ የወፈረ፣
የማንጎ ቅጠል የተንሳፈፈበት።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።
እጄ የሚያውቀውን መንገድ ሄደ፣
ጥጃ ፍለጋ እንደሚሄደው፣ ሳይቸኩል፣ ጠርዝ ጠርዙን፤
እና ከታች፣ ከጥጉ፣
አመለጠችኝ፣
ደግሞ አመለጠችኝ፣
መጣች።

ጀንበር ጣና ላይ ልትገባ ስትል ገጥሜ ጨረስኩ።
እጀታው ከበደኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ክብደት የለም።
ሞተሩ ይጮሃል፣ ማርሹ ገብቷል፣
ጎማው ግን ቆሞ ፈቃዴን ይጠብቃል።

ከወረብ ተደወለ፤
የጋሼ እንዳላማው ላም ከጠዋት ጀምራ ብታምጥ አልሆነላትም።
ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ፤
ኮብልስቶኑ ከሥሬ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ።

ኪሴ ውስጥ አንዲት ብሎን ትንኳኳለች።
ሰባት ነበሩ ወይስ ስምንት?
እመለስበታለሁ።
ላሟ እስክትወልድ ድረስ፣ ነገሩን ልቤ ይርሳው።